አማርኛ ያወራ 50 ሳንቲም

ጉድ ያደረገችኝ ባለ ሁለት ፊደል ቃል ናት፦ «ኢዝ»።

የምሠራው ለውጭ ደንበኞች ሶፍትዌር በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ነው። አንድ ሌሊት፣ ክፍያ የምንቀበልበት የአንድ ባንክ ሲስተም ለ40 ደቂቃ ያህል ተቋረጠ። ደወልን። «ሲስተም የለም» አሉን። ጠበቅን፣ ተመለሰ፣ ተኛን። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ አየር ጤና የታክሲ ሰልፍ ውስጥ ቆሜ በስልኬ ለደንበኛው አጭር ሪፖርት ጻፍኩ፦ «ዘ ባንክ ቶልድ አስ ዛት ዜር ሲስተም ኢዝ ዳውን»። ላክሁት፣ ታክሲ ውስጥ ገባሁ።

ሜክሲኮ ስደርስ ስልኬ በመልእክት ተጥለቅልቋል። ደንበኛው «ሲስተሙ አሁንም አይሠራም» ብሎ ተረድቶ የክፍያ ገጹን በሙሉ ዘግቶታል። እስክንግባባ ድረስ ምንም ያልነካው፣ ደህና የሚሠራ ነገር ሦስት ሰዓት ተዘግቶ ቆየ።

ስብሰባ ተጠራሁ። «‹ኢዝ› ብለህ ነው እኮ የጻፍከው» አለኝ አለቃዬ።

«‹ቶልድ› ብያለሁ እኮ!» አልኩት።

ከልቤ ነበር። «ነገሩን» ብያለሁ፤ የነገሩን ሌሊት ነው፤ ታዲያ የነገሩን ስለ ሌሊቱ ካልሆነ ስለ መቼ ሊሆን ነው? ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ለደንበኛ የሚላከውን ሪፖርት የሚጽፈው ሌላ ልጅ ሆነ። ኮዱን ግን አሁንም የምጠግነው እኔ ነኝ።

ይቺን «ኢዝ» ወራት ሙሉ ሳብሰለስላት ከረምኩ። በመጨረሻ ገባኝ፤ ሲገባኝ ደግሞ ተናደድኩ። 12 ዓመት እንግሊዝኛ ተምሬአለሁ። ኢንጂነሪንግ የተመረቅኩት በእንግሊዝኛ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ አንድ ሰው እንኳ ይህን ነገር ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም። ለመንገር አማርኛ ያስፈልግ ነበር፤ አማርኛ ደግሞ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ የተከለከለ ነበር።

ሕጉን የማታውቁት ካላችሁ እነሆ፦ አማርኛ ያወራ 50 ሳንቲም ይከፍላል። የክፍል አለቃው ስም ይይዛል። ሳንቲም የሌለው ይንበረከካል። እኛ የኮልፌ ልጆች ምሳ ዕቃ እንጂ ሳንቲም ይዘን አንሄድም፤ ስለዚህ መፍትሔ አገኘን፤ ዝም ማለት። አስተማሪው ጸጥ ያለ ክፍል አገኘ፣ እኛም ጉልበታችንን አዳንን፣ እንግሊዝኛ ግን የተማረ አልነበረም።

ከየት ነው የሚቆጠረው?

ነገሩ ይኸውላችሁ። «ባንኩ ሲስተሙ እንደማይሠራ ነገረን» ስንል «እንደማይሠራ» የሚለው ግስ የራሱ ሰዓት የለውም። ሰዓቱን የሚበደረው መጨረሻ ላይ ከሚመጣው «ነገረን» ነው። የነገረን ትናንት ከሆነ፣ የማይሠራውም ትናንት ነው። «እንደማይሠራ ይነግረናል» ካልን ደግሞ ሁለቱም ወደ ፊት ሄዱ። ጥገኛው ሐረግ አንድ ፊደል እንኳ አልተቀየረም።

አማርኛ ጥገኛውን ግስ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ዋናው ድርጊት ሲፈጸም አንተ አልቀህ ነበር ወይስ አላለቅህም? ካለቀ «እንደሠራ ነገረኝ» እንላለን። ካላለቀ፣ ወይም ገና ከሆነ፣ «እንደሚሠራ ነገረኝ»። አልቋል፣ አላለቀም። በቃ።

እንግሊዝኛ የሚቆጥረው ከሌላ ቦታ ነው። መነሻው ተናጋሪው የቆመበት «አሁን» ነው። ከዚያ ሲታይ ዋናው ግስ ካለፈ፣ በዚያ ግስ ዓይን የታየው ሁሉ አብሮት ወደ ኋላ ይሳባል። «ኢዝ» «ወዝ» ይሆናል፤ «ዊል» «ዉድ» ይሆናል፤ ከዚያም ቀድሞ ያለቀ ከሆነ «ሃድ» ይመጣል። የእኛ አንድ «እንደሚሠራ» እዚያ ሁለት ቦታ ይከፈላል ማለት ነው፤ በዚያ ሰዓት ይሠራ ለነበረው አንድ፣ ከዚያ በኋላ ሊሠራ ለነበረው ሌላ።

ዋናው ቁም ነገር ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ዋናው ግስ አልፎ ጥገኛው «ኢዝ» ሆኖ ከቀረ፣ እንግሊዝኛ አንባቢ «ተሳስቷል» ብሎ ሁልጊዜ አያልፈውም። ትርጉም ይሰጠዋል፤ «ነገሩ እስከ አሁን እንደዚያው ነው» ማለት ነው። «ሺ ቶልድ ሚ ዛት ሺ ሊቭስ ኢን አየር ጤና» ማለት ይቻላል፤ ልጅቷ ዛሬም አየር ጤና የምትኖር ከሆነ ደህና ዐረፍተ ነገር ነው። የእኔም «ኢዝ» ደህና ዐረፍተ ነገር ነበር። በሰዋስው በኩል ምንም አልጎደለውም። የሆነው ውሸት ነው። ሳላውቀው ዋሸሁ።

ይህ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም፤ ሰዓት ራሱ እንዲህ አይደል የምንቆጥረው? እኛ ከንጋት እንቆጥራለን፣ ሌላው ዓለም ከእኩለ ሌሊት። የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ለእነሱ 8 ነው። ማንም «የሐበሻ ሰዓት ተሳስቷል» አይልም። ፕሌን የሚሳፈር ሰው «በእኛ ነው በፈረንጅ?» ብሎ ይጠይቅና 6 ይደምራል፣ ወይም ይቀንሳል። ኮድ የምንጽፍም ሰዎች ይህን ሒሳብ በየጊዜው እንሠራዋለን። ጥገኛ ግስም እንደዚያው ነው፦ አማርኛ ከዋናው ግስ ይቆጥራል፣ እንግሊዝኛ ከተናጋሪው አሁን። መነሻው ሁለት መሆኑን ያወቀ ልጅ ያሰላል። ያልነገሩት ልጅ ግን ዕድሜ ልኩን ፕሌን ያመልጠዋል፤ ባመለጠውም ቁጥር «ሰነፍ» ይባላል።

በዚህ ደግሞ ብቻችንን አይደለንም። ሩሲያኛና ጃፓንኛም እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ግሱን ወደ ኋላ አይጎትቱትም። የእንግሊዝኛው መንገድ ከብዙ መንገዶች አንዱ ነው። መማር ያለብን ስለሚያስፈልገን ነው፤ የሰው ልጅ አእምሮ ትክክለኛ አሠራር እሱ ብቻ ስለሆነ አይደለም።

በሩ «አልከፈት» አለ

አማርኛ ሌላም አመል አለው። የሰው ንግግር ሲያወራ ሰውየውን አምጥቶ በራሱ አፍ ያናግረዋል፦ «እመጣለሁ አለ»። ሰው ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ዕቃውንም ያናግረዋል። በሩ አልከፈት አለ። መኪናው አልነሳ አለ። የእኔ ሰርቨር ስንት ሌሊት አልነሳ ብሎኝ አድሯል። ሐሳብም እንደዚሁ ነው፤ «ይመጣል ብዬ አሰብኩ» እንላለን፣ ለራሳችን የተናገርነውን ቃል በቃል እየጠቀስን።

ስለዚህ አንድ የሰፈሬ ልጅ «አይ ቶት ሂ ዊል ካም» ብሎ ሲጽፍ ቋንቋ አልሰበረም። «ይመጣል ብዬ አሰብኩ» የሚለውን ጥሩ አድርጎ ነው ያሻገረው። አስተማሪው ግን በቀይ ይሰርዘዋል። መልሱ «ዉድ» ነው። ለምን? «ሩሉ ነው»።

ሩሉ ሠንጠረዥ ነው። በግራ በኩል «ኢዝ፣ ዊል፣ ካን፣ ቱደይ»፤ በቀኝ በኩል «ወዝ፣ ዉድ፣ ኩድ፣ ዛት ደይ»። እኔ ሠንጠረዡን ሸምድጄ ፈተናውን ደፍኛለሁ። ዛሬም ሌሊት ብትቀሰቅሱኝ እወጣዋለሁ። ሠንጠረዡ የማይነግራችሁ መቼ እንደሚሠራ፣ መቼ እንደማይሠራና ብትተዉት አንባቢው ምን እንደሚረዳ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ስትጽፉ ደግሞ «የሚከተለውን ዐረፍተ ነገር ወደ ሪፖርትድ ስፒች ቀይር» የሚል ትእዛዝ ከላይ የለም። ማወቅ ያለባችሁ ራሳችሁ ናችሁ።

ጉዳቱ እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ብቻ ቢቀር ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩ። አሥራ አንደኛ ክፍል ያለች ታናሽ እህት አለችኝ። አንድ ቀን ፊዚክስ ስታነብ ቀና አለችና «ፀሐይ ድሮ ትዞር ነበር እንዴ?» አለችኝ። ሳቅኩ። ከዚያ ያነበበችውን አየሁት፦ «ፒፕል ቢሊቭድ ዛት ዘ ሰን ሙቭድ አራውንድ ዘ ኧርዝ»። ሳቄ ጠፋ። በአማርኛ «ፀሐይ በምድር ዙሪያ እንደምትዞር ያምኑ ነበር» ነው፤ «እንደምትዞር» ላይ ምንም ያለፈ ነገር የለም። እሷ ያየችው ግን «ሙቭድ» ነው፤ ኃላፊ ጊዜ። ኃላፊ ጊዜ ማለት ደግሞ ድሮ የሆነ፣ አሁን የቀረ ነገር ነው ብለው አስተምረዋታል። ያስተማሯትን በትክክል ተከትላ ነው ፀሐይን ያቆመቻት።

ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም፣ ኢኮኖሚክሱም በዚሁ ግስ ነው የሚነበበው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ተደናገጠ። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ሁሉንም «ሙቭድ» ላይ አልለጥፍም። ግን ጥያቄውን በትክክል ማንበብ ያልቻለ ልጅ መልሱን ቢያውቅስ ምን ይጠቅመዋል?

ያላለፈው ያለፈ ጊዜ

ነገሩ የባሰ የሚወሳሰበው ኃላፊ ጊዜ የለበሰ ግስ ገና ያልሆነን ነገር ሲናገር ነው። «ሺ ሴድ ሺ ዉድ ኮል ዌን ሺ አራይቭድ»። «አራይቭድ» አለ፤ ደርሳለች? አልደረሰችም ይሆናል። ምናልባት አሁንም መንገድ ላይ ናት። ያለችው «ስደርስ እደውላለሁ» ነው። «አራይቭድ» ያለፈውን ልብስ የለበሰው «ሴድ» ስለጎተተው ብቻ ነው።

አማርኛም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ ያው ዓይነት ጨዋታ ይጫወታል። «ነገ ከመጣ እነግረዋለሁ» እንላለን። «መጣ» ራሱን ችሎ ሲቆም ያለፈ ነው፤ ነገ ደግሞ ገና ነው። ለዚህ ነው ብዙ ልጆች «ኢፍ ሂ ኬም ቱሞሮ፣ አይ ዊል ቴል ሂም» ብለው የሚጽፉት። እንግሊዝኛው እዚህ ቦታ «ካምስ» ይላል። በተቃራኒው «ኢፍ አይ ሃድ መኒ፣ አይ ዉድ ባይ ኢት» የሚለውን ሲያዩ ይደነግጣሉ፦ «‹ሃድ› ለምን? ብር የሌለኝ እኮ አሁን ነው!» እነዚሁ ልጆች ግን ከሱቅ በር ላይ «ብር ቢኖረኝ እገዛው ነበር» ሲሉ ነው ያደጉት። እዚያ ላይ ያለው «ነበር» ያለፈ ነው እንዴ? አይደለም። ሁለቱም ቋንቋዎች ያልሆነን ነገር ከእውነት ለማራቅ ያለፈ ጊዜን ይዋሳሉ። «እንደ እኛ ‹ነበር› ነው» ብሎ መንገር አሥር ሴኮንድ አይፈጅም። ያቺን አሥር ሴኮንድ ነው በ50 ሳንቲም የዘጉብን።

እንዲህ ይሉኛል

«እንግሊዝኛ የሚለመደው በእንግሊዝኛ ነው» ይሉኛል። ልጁን ዙሪያውን እንግሊዝኛ በከበበው አገር እውነት ሊሆን ይችላል። ወይራ ሰፈር ውስጥ ከክፍል ስትወጡ እንግሊዝኛው የት አለ? ረዳቱ የሚጠራው «ጦር ኃይሎች፣ ሜክሲኮ» ብሎ ነው። ባለሱቁ፣ ጎረቤቱ፣ ኳሱ፣ ጸሎቱ በሌላ ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ በቀን የአንድ ክፍለ ጊዜ እንግዳ ነው። በዚያችም ክፍለ ጊዜ ልጁ በሆዱ መተርጎሙን አያቆምም፤ ክልከላው የሚያደርገው ቢኖር ብቻውን፣ ያለ ረዳት እንዲተረጉም መተው ነው።

«ክፍል ውስጥ ያለው ሁሉ አፉን የፈታው በአማርኛ አይደለም» የሚለኝም አለ። ይህኛው ከባዱ ነው፤ እውነትም ነው። ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ኦሮምኛ፣ ጉራጊኛ፣ ስልጥኛ የሚነገርባቸው ቤቶች አጥር ለአጥር ተጎራብተዋል። በአንዱ ልጅ ላይ የእንግሊዝኛን ቅጣት አንስቼ በሌላው ላይ የአማርኛን ልጭን አይደለም የተነሳሁት። እኔ ስለ አማርኛ የማወራው የማውቀው እሱን ስለሆነ ነው። ለክፍሉ የምጠይቀው አንዲት ጥያቄ ብቻ ነው፦ «እናንተ ቤት ይህ እንዴት ይባላል?» አስተማሪው አራት ቋንቋ ማወቅ የለበትም፤ ልጆቹ ያውቃሉ። ዐረፍተ ነገሩን ቦርድ ላይ ያጽፋቸውና «ይኼ ግስ የሚቆጥረው ከየት ነው?» ይበላቸው። አምስት ደቂቃ ነው። ምናልባትም በዚያ ክፍል ውስጥ የመጨረሻው ወንበር ላይ ያለው ልጅ እጁን ሲያወጣ የመጀመሪያው ቀን ይሆናል።

ሦስተኞቹ ጓደኞቼ ናቸው፦ «መግባባት ከተቻለ ምን አስጨነቀህ? የቋንቋ ጌታ የለም» ይላሉ። ይህን አባባል እወደዋለሁ። የሆነ ሰው መድረክ ላይ እንግሊዝኛ ሲያወራ ቀርጸው «ሰባበረው» እያሉ የሚለቁ ሰዎች ያሳፍሩኛል። ግስ የተቆጠረበትን ቦታ የአእምሮ መለኪያ አድርገውታል። ነገር ግን የእኔ «ኢዝ» አላግባባችም። ሦስት ሰዓት ዘግታ አዋለችን። ልጆቻችን ለመመረቂያ ጽሑፍ፣ ለቪዛ ቃለ መጠይቅ፣ ለሥራ ማመልከቻ የሚጽፉት ዐረፍተ ነገር እንደዚሁ አንባቢ ይጠብቀዋል፤ አንባቢው ደግሞ አየር ጤና አያድርም። በሚሳለቁት ላይ ተቆጥቶ ልጁን ሳያስተምሩት መተው ሁለተኛ በደል ነው።

ዕውቀቱ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ይቅር በተባለ። መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ የአማርኛን ሰዋስው መጽሐፍ ያሳተሙት በ1948 ዓ.ም. ነው። የባዬ ይማም «የአማርኛ ሰዋስው» የወጣው በ1987 ዓ.ም. ነው። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1995 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው ከ1,000 ገጽ በላይ ነው። መጽሐፉ አለ። አስተማሪዎቹም አሉ፤ የአማርኛው አስተማሪ በሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ጥገኛ ሐረግ ያስተምራል፣ የእንግሊዝኛዋ አስተማሪ በሦስተኛው ይህንኑ ታስተምራለች። በዕረፍት ሰዓት አብረው ሻይ ይጠጣሉ። የሚያገናኛቸው በር ግን ተዘግቷል። በሩ አልከፈት አለ እንዳንል ደግሞ የዘጋነው እኛው ነን።

ስለዚህ የምለው ግልጽ ነው። የአፍ መፍቻ ቋንቋውን በተናገረ ልጅ ላይ የሚጣል ቅጣት፣ ሳንቲምም ይሁን መንበርከክ፣ ዛሬውኑ ይቅር። «ዊል፣ ዉድ» የሚለው ሠንጠረዥ መጀመሪያ ሳይሆን መጨረሻ ላይ ይምጣ። መጽሐፉን የሚያዘጋጁት ሰዎች «ነገረኝ»ን ከ«ቶልድ» ጎን የሚያስቀምጥ አንድ ገጽ ይጨምሩ። አስተማሪ የሚያሠለጥኑ ኮሌጆች ሁለቱን ቋንቋዎች ማነጻጸርን ያስተምሩ። ይህ ሁሉ እስኪሆን ድረስ ታላቅ ወንድምና ታላቅ እህት የሆናችሁ አንባቢዎቼ፣ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ሰዓት ከታናናሾቻችሁ ጋር ተቀመጡ።

እኔ ጀምሬአለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ለእህቴ ያቺን የባንክ ዐረፍተ ነገር ሰጠኋትና «አርሚልኝ» አልኳት። ደብተሯን ሁለት ቦታ ከፍላ በአንድ በኩል አማርኛውን ጻፈች። እርሳሷን ነክሳ ትንሽ አሰበች።

«ያን ጠዋት ስትጽፈው ሲስተሙ ይሠራ ነበር?»

«አዎ፣ ይሠራ ነበር።»

«እና ‹ወዝ› ነዋ።»

በ12 ዓመት ውስጥ ማንም ያልጠየቀኝን ጥያቄ ነው የጠየቀችኝ። የጠየቀችኝም በአማርኛ ነው።